ስምህ የነበረበት ግድግዳ

ብራይተን ፎርክ፣ አዮዋ
ሰኔ 1986

ለዱሮው ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ሴቶች ልጆችህ ደህና ናቸው? ኦሪገን ዝናብ ይበዛበታል ሲሉ እሰማለሁ። ያ በብርድ ወራት ይነሣብህ የነበረው ሳል እዚያም እንዳልተከተለህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ወገቤም አንዳንድ ቀን አልታዘዝ ይለኛል፤ ከዚያ በቀር በሰውነቴ ላይ የደረሰ ነገር የለም። የእናትህን ቤት የገዙት ሰዎች የፊቱን በር አረንጓዴ ቀብተውታል። ደጁ ላይ ያለው የሊላ አበባ ቁጥቋጦ ግን አሁንም በየዓመቱ ያብባል፤ አልቆረጡትም።

ይህን ደብዳቤ ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጽፍ ኖራ ዛሬ ምን ፈለገች ትል ይሆናል። ምንም አልፈልግም። ልወቅስህም አይደለም፤ ለወቀሳ የሚሆን ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮ ያኔ አወጣው ነበር። አድራሻህን የሰጠኝ ዳይክስትራ ነው፤ ያ አንድ ክፍል አብሮህ ያደረው፣ አፍንጫው የተጣመመው ጓደኛህ። እሱም ሰላም ይልሃል። ሰላም በይው አላለኝም፣ ነገር ግን ስምህን ስጠራበት ፊቱን አላዞረም፤ ለእሱ ይህ ሰላምታ ነው።

ወሬው ደርሶህ እንደሆነ አላውቅም፤ የዩኒቨርሲቲው የትግል ስፖርት ቡድን ተዘጋ። የሩጫውና የዝላዩ ቡድንም አብሮ ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲያችን ከእንግዲህ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ብቻ ነው ያለው። የትግሉ አዳራሽ ባዶ ሆኖ ታየኝ ብልህ አታምነኝም፤ አንተ የምታውቀው ሌላውን አዳራሽ ነው። ያኔ ገበሬዎቹ ላሞቻቸውን አልበው፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን ሳያወልቁ ነበር ቅዳሜ ማታ የሚመጡት። መቀመጫው ሞልቶ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። የእሳት አደጋ ኃላፊው በየሳምንቱ «ደረጃውን ልቀቁ!» እያለ ሲጮህ፣ አንተ የሰው እግር ይዘህ ስታነሣ ደግሞ እሱ ራሱ ደረጃው ላይ ወጥቶ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። የአገር ሻምፒዮን ሆነህ በተመለስክ ጊዜ ስምህን በመለማመጃው ክፍል ግድግዳ ላይ በቢጫ ቀለም ጻፉት። እኔ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ያየሁት፤ አንተ ነህ ወስደህ ያሳየኸኝ።

በዚያው ጸደይ ሄድክ። ስለ አካሄድህ አላነሣም። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ከዚያ እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ነብራስካ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። ስመለስ ኔልስን ታቅፌ ነበር። አባቴ ለብዙ ጊዜ በቀጥታ አላናገረኝም፤ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳን የሚለው በእናቴ በኩል ነበር። ልጁ መዳህ ሲጀምር ግን ከጉልበቱ ማውረድ አቃተው። የቤተሰባችንን ስም ሰጠነው። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ እስከ መጨረሻው ስለ አንተ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቡድኑ አንተ ከሄድክ በኋላ ወደቀ። አሮጌው አሠልጣኝ ጡረታ ወጣ፤ በእሱ ቦታ የመጡት ደግሞ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ዳይክስትራ ከቬትናም ተመልሶ አሠልጣኝነቱን እስኪይዝ ድረስ ትግል የሚባል ነገር እዚህ መኖሩን የረሱ ሰዎች ነበሩ። እሱ ነው በየእርሻው እየዞረ፣ በየወጥ ቤቱ ተቀምጦ፣ አባቶችን «ልጅህን አራት ዓመት ስጠኝ» እያለ ቡድኑን እንደገና ያቆመው። አንድ ክረምት ደረጃው ላይ እንደገና ሰው ተቀመጠ። አባቴ በእጁ ኔልስን ይዞ፣ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ገባን፤ ያ ሽታ፣ የላብና የጎማ ምንጣፉ ሽታ፣ እንደ ዱሮው ተቀበለን።

ቀጥሎ የእርሻው ነገር ተበላሸ። ይህን በጋዜጣ ሳታነበው አልቀረህም። ባንኮቹ መሬት ይወስዱ ጀመር። ቅዳሜ ትግል ያዩ የነበሩ ሰዎች ቅዳሜ የጎረቤታቸው ትራክተር በጨረታ ሲሸጥ ለማየት መሄድ ጀመሩ። አዳራሹ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጣ። ኔልስ ቡድኑ ውስጥ የገባው እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ቁልቁል መውረድ በጀመረ ጊዜ ነው።

ስለ ኔልስ ምን ልበልህ? ዝምተኛ ነው። ሲበላ ራሱን አቀርቅሮ ይበላል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ምንጣፉ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በግራ እጁ የሰውየውን አንገት እየነካካ፣ እየነካካ፣ ሰውየው ወደ ላይ ሲያይለት ከታች ገብቶ አንድ እግር ይነጥቀዋል። ዳይክስትራ ይህን አላስተማረውም። እኔም አላስተማርኩትም።

እኔ በስፖርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ነበርኩ የምልህ አሁን ስላልሆንኩ ነው። በጥቅምት የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ፕሩዊት ስብሰባ ጠራና ቃለ ጉባኤ እንድይዝ አስገባኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አባቴ የሞተ ጊዜ አበባ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ከላይ የመጣውን ውሳኔ አነበበ፤ ትግልና ሩጫ በዚህ ወቅት መጨረሻ ይዘጋሉ፤ ለተጫዋቾቹ የሚነገረው ግን ውድድሩ ሲያልቅ በመጋቢት ነው። «አሁን ከሰሙ ተበታትነው ይሄዳሉ። ግማሽ ቡድን ይዘን ወቅቱን መጨረስ አንችልም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በተለይ አንቺ» አለኝ። «እናት መሆንሽን አውቃለሁ። ግን ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት እጄ እየጻፈ ስለነበረ ይመስለኛል።

ያን ዕለት ማታ ለኔልስ የአሳማ ሥጋና ድንች ሠራሁለት፤ ክብደት እየቀነሰ ስለነበር ሥጋውን ከፍሎ አስቀመጠው። ኦክላሆማ ያለ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከበጋው ጀምሮ እንዲመጣላቸው ይለምኑት ነበር። አሠልጣኙ በየሳምንቱ ይደውላል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ ብሎት ነበር። በስብሰባው የሰማሁትን ሁሉ ለኔልስ ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ ሰማኝና በመጀመሪያ ያለኝ «ከሥራሽ ያስወጡሻል» ነው።

«ስለ ሥራዬ አትጨነቅ። ነገ ጠዋት ደውልለት» አልኩት።

«አልደውልም» አለ።

ዳይክስትራን ላለመተው ነው ብዬ አሰብኩ። ዳይክስትራ ራሱ ቢሰማ ሂድ እንደሚለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር እንዳይባክን፣ እዚህ የሚቀርለት ባዶ አዳራሽ ብቻ እንደሆነ እየደጋገምኩ ነገርኩት። በመጨረሻ ተቆጣሁ። «እዚህ ምን አለህ?» ብዬ ጮህኩበት። በልጄ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«ስሙ እዚህ ነው ያለው» አለኝ።

«የማን ስም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንዲያው እንደሚያዝንልኝ ዓይነት ነው። ከዚያ ያስቀረውን ሥጋ በወረቀት ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው። እኔ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ከተማው እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፤ ግን የእኛ ከተማ ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ በፊትህ የማይናገረውን ከኋላህም አይናገርም። በኋላ ዳይክስትራን ስጠይቀው፣ ኔልስ ገና የመጀመሪያ ዓመት ሳለ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ከዱሮው ቡድን ፎቶግራፍ ፊት ቆሞ እንዳገኘው ነገረኝ። ጣቱን አንተ ላይ አድርጎ «ይህ ጥሩ ታጋይ ነበር?» አለው። «ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥ» አለው ዳይክስትራ። «ጥሩ ሰውስ?» ብሎ ጠየቀው። ዳይክስትራ «ጓደኛዬ ነበር» ብቻ አለው። ያኔ ስምህን ከሰው አፍ ሳይሆን ከፎቶግራፉ ሥር አነበበ፤ ፊቱን ደግሞ ከመስታወት ያውቀዋል።

እኔ ከነገርኩት በማግስቱ ኔልስ የቡድኑን መዘጋት ለዳይክስትራ ነገረው። ዳይክስትራ ደግሞ ዝም ብሎ የሚችል ሰው አይደለም፤ የፕሩዊትን በር ሳያንኳኳ ገብቶ ድምፁ ታች ፎቅ ድረስ እስኪሰማ ጮኸ። ከምሳ በፊት ግቢው ሁሉ አወቀ። ፕሩዊት ጠርቶኝ «አንቺ ነሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ምን ላድርግሽ እንግዲህ?» አለኝ፤ እውነት እኔ መልሱን የማውቀው ይመስል። ዕቃዬን በካርቶን አድርጌ ወጣሁ። አሁን የሕፃናት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ልጆቹ ደስ ይላሉ፤ ስለዚህ ለእኔ አትዘን።

ቡድኑ ፕሩዊት እንዳለው ተበተነ። ጎበዞቹን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ወሰዷቸው፤ መካከለኞቹ ትምህርታቸውን ይዘው ትግሉን ተዉ። ከቀሩት አንዱ ቡድ የሚሉት የከባድ ሚዛን ታጋይ ነው፤ የእንጨት ቁም ሣጥን የሚያክል ልጅ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። «ለምን አልሄድክም?» ስለው «እኔን የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ በሩን ማስፋት አለበት» አለኝ። የሩጫ ቡድን ልጃገረዶች ደግሞ በየማለዳው የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ቤት እየዞሩ መሮጥ ጀመሩ፤ ተቃውሞ መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ በመጀመሪያው ቀን መጋረጃውን ዘጋ። በኋላ ለመደውና ቡናውን እንደያዘ በመስኮት እጁን ያወዛውዝላቸው ነበር። በረዶው ሲወፍር አቆሙ።

የዱሮ ታጋዮችም ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ከየግዛቱ መጡ፤ ሆዳቸው የወጣ፣ ጉልበታቸው የሚንቀጫቀጭ ሽማግሌዎች። ተቃቀፉ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ቃል ገቡ። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነገሩ በረደ። ለአንተም ጽፈው እንደነበር ነግረውኛል። መልስ አልመጣም አሉ።

በሜዳችን የተደረገው የመጨረሻው ውድድር የካቲት ላይ ነበር። ያን ቀን አዳራሹ ሞላ። ለዓመታት ዝር ብለው የማያውቁ ሰዎች እሑድ የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው መጡ። ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚነጋገሩት። ለአብዛኛው የክብደት ሚዛን የሚቆም ልጅ አልነበረንም። የእነሱ ታጋይ ወደ ምንጣፉ መሐል ይወጣል፤ ከእኛ በኩል ማንም አይወጣም፤ ዳኛው ባዶውን ቦታ ትንሽ ያይና የልጁን እጅ ያነሣለታል። ልጁም አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ ሰዉ ማጨብጨብ ይሁን ዝም ማለት ግራ ገባው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ቦታው በተጠራ ቁጥር ሰዉ ሁሉ እየተነሣ ይቆም ጀመር።

ኔልስ ሲወጣ ግን ደረጃው ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ያንን የአንገት መነካካቱን ጀመረ። ከኋላዬ አንድ ሰው ለሚስቱ «ይህን አያያዝ የት ነው የማውቀው?» ሲል ሰማሁ። ሚስቱ «ዝም በልና እይ» አለችው። ኔልስ ተጋጣሚውን አንሥቶ በጀርባው አስተኛው፣ የልጁ ትከሻ ምንጣፉን ነካ፤ ዳኛው ምንጣፉን በመዳፉ መታ፤ ኔልስ አሸነፈ። አላለቀስኩም። ያን ዕለት እንኳን አላለቀስኩም።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብልኝ።

ወደ አገር አቀፉ ውድድር ለመግባት ነብራስካ የሚደረገውን ማጣሪያ ማለፍ ነበረበት። ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ዳይክስትራ ለማጋነን የማይቸኩል ሰው ነው፣ እሱ ራሱ ያልፋል ብሎኝ ነበር። ግን በእሱ የክብደት ሚዛን ወይም በተቀራራቢው አብሮት የሚለማመድ ሰው አልቀረም። ሁሉም ሄደዋል። የመለማመጃውን ክፍል ማሞቂያም አጥፍተውት ነበር፤ ከአፋቸው እንፋሎት እየወጣ ነበር የሚታገሉት። ስለዚህ ከቡድ ጋር ይለማመድ ጀመር። ዳይክስትራ «ቀስ በሉ» እያለ ከላያቸው አይጠፋም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔልስ እንደ ልማዱ ከታች ገብቶ እግሩን ሲይዘው ቡድ ሚዛኑን ስቶ በሙሉ ክብደቱ በኔልስ ጉልበት ላይ ወደቀ።

ዳይክስትራ የጉልበቱ ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር አለኝ። ቡድ መለማመጃው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «እኔ ብሄድ ኖሮ፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ብሄድ ኖሮ» ይል ነበር። ኔልስ ነው የሚያባብለው።

ሐኪሙ ትግል በቃህ አለው። «ለዘንድሮ?» አለ ኔልስ። «ጉልበትህን የምትፈልገው ከሆነ ለሁልጊዜው» አለው ሐኪሙ። ዳይክስትራ ማጣሪያው ላይ አላስገባህም አለው፤ እኔም ኔልስን ለመንኩት፤ በሩ ላይ ቆሜ አታልፍም አልኩት። «እማ፣ ከዚህ በኋላ እኮ የምጠብቅለት ነገር የለም» አለኝ። ዳይክስትራንም እንዲሁ ረታው። በመጨረሻ ፋሻውን የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላልቶ እንዳይጠቀልለው ብዬ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች በአንድ እግር አሸነፈ ብልህ ማጋነን አይሆንም። የማይደግፈው ሰው እንኳን ያጨበጭብለት ነበር። ሦስተኛውን ቢያሸንፍ አልፏል። በነጥብ እየመራ ነበር፣ ሰዓቱም ሊያልቅ ነበር። ቆሞ ቢያመልጥ ኖሮ ይበቃው ነበር፤ ዳይክስትራም «ቁም፣ ቁም፣ ሽሽ!» ይለዋል። እሱ ግን የተጋጣሚውን አንገት መነካካት ጀመረ። ከታች ገባ፣ እግሩን ያዘ፣ ሊያነሣው ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ከዳው። ተጋጣሚው የነብራስካ ልጅ ሳያስበው ከላይ ሆኖ ራሱን አገኘ። የኔልስ ትከሻ ምንጣፉን ነካ፤ ዳኛው ምንጣፉን መታ።

አልተነሣም። ፊቱን ወደ ምንጣፉ አዙሮ ተኛ። ቡድና ዳይክስትራ በሁለት በኩል ደግፈው ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ቤት ስንመለስ በረዶ ይጥል ነበር። ቡድ ከኋላ ወንበር ሆኖ አንድ ቀልድ ጀመረ፤ ማንም ስላልሳቀለት መሐል ላይ ተወው።

ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ያነክሳል፤ ሲበርድ በጣም ያነክሳል። ትግሉ ሲቀር ዩኒቨርሲቲው ይሰጠው የነበረው ድጋፍም ቀረ፤ እሱም ትምህርቱን አንድ ዓመት ሲቀረው ተወው። ከከተማው ውጪ ባለው የአሳማ ማረጃ ፋብሪካ ገባ። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲያወርድ ይውላል። ከክረምቱ ጀምሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አላየሁም።

የመለማመጃውን ክፍል ለእግር ኳሱ ልጆች የብረት ማንሻ ክፍል አደረጉት። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ወጡ። ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ የአንተም የሌላውም ስም ከሥሩ ቀረ። ሲቀቡት ኔልስ በክራንች ቆሞ ሲያይ ነበር። ከቀቢዎቹ አንዱ «ወንድም፣ ያንተም ስም አለበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። «የለም። የእኔ የለም» አለው። ቡድ ነው ይህን የነገረኝ። የሩጫውንም ትራክ አስፋልት አፍስሰውበት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ዳይክስትራ የበቆሎ ዘር ይሸጣል፤ እንደ ዱሮው በየእርሻው ይዞራል፣ ግን አሁን የሚለምነው ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜ እኛ ጋ መጥቶ ይቀመጣል። ብዙም አናወራም።

ሚያዝያ ላይ ኔልስ የዳይክስትራን ፒካፕ ተውሶ ሄደ። ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰደ፣ ልብሱን በከረጢት አደረገ፣ የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ሥራ ፍለጋ መስሎኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ሳምንት አልፎት ተመለሰ። ታጠበ፣ በላ፣ ተኛ። በማግስቱ ሳህን እያጠብን ነው የነገረኝ።

ኦሪገን፣ ባሕሩ አጠገብ ባለች ከተማ ውስጥ፣ ወደ አንድ ጎማ ቤት ሄደ። የባለቤቱ ስም በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የፒካፑ ጎማ ምንም አልነካውም ነበር፤ መንገድ ዳር አቁሞ ራሱ ነው ሚስማር የመታበት። ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ አስተናገደው። ጎማውን እየፈታ «እግርህን ምን ሆነህ ነው?» አለው። «ትግል ላይ ነው» አለው ኔልስ። ሰውየው መፍታቱን ቀጠለ። ጎማውን አውርዶ «ከየት ነህ?» አለው።

«ከአዮዋ። ከብራይተን ፎርክ።»

«አላውቀውም» አለው ሰውየው። «በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም።»

«ትንሽ ከተማ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም» አለው ልጄ።

ሥራው ሲያልቅ ሂሳቡን ጠየቀ። ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል «ተወው» አለው። ፒካፑ እስኪታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ኔልስ በመስታወቱ አየው።

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ደህና ሰው ነው። ጎማውን በደንብ ሠራልኝ» አለኝ። የያዘውን ሳህን አድርቆ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ የምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥቶ አያውቅም፤ ስለ ትግልም እንደዚሁ።

ሂሳቡን ለምን እንዳልተቀበልክ አልጠይቅህም። በሩ ላይ ምን እያሰብክ እንደቆምክም አልጠይቅህም። መልስ አትጻፍልኝ፤ ፖስታችንን ከሣጥኑ የሚያወጣው እሱ ነው። ያን ቀን ያስተናገድከው ልጅ ማን እንደሆነም ልነግርህ አልጻፍኩም፤ አንድ ነገር ስለጠየቅከው ብቻ ነው። እግርህን ምን ሆነህ ነው አልከው፤ እሱ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ንግግር ያጥርበታል። እንግዲህ ሙሉው መልስ ይኸው።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ። ሳልህን ያርቅልህ። ሴቶች ልጆችህን በወግ በማዕረግ ለመዳር ያብቃህ፤ እርጅናህ በሰው መሐል ይሁንልህ። ለባለቤትህ ይህን ደብዳቤ ለማሳየት ወይም ለማቃጠል አንተ ታውቃለህ፤ እኔ በየትኛውም አላዝንብህም።

የልጁ እናት